በጆሮዋ የሚነገረው ስም

«ቫሱዳ ትቅር። ስሙን ማንጁሻ በጆሮዋ ትንገራት።»

የእናቷ ድምፅ ከወጥ ቤት ሲመጣ ቫሱዳ የወንድሟ ቤት ደጃፍ ላይ አንዱን ጫማዋን አውልቃ ሌላውን ገና አላወለቀችም ነበር። በግራ እጇ ሁለት ኪሎ ጃሌቢ የሚባል ጣፋጭ፣ በቀኝ እጇ የሕፃኗ አልጋ የሚያጌጥበትን የአበባ ጉንጉን አንጠልጥላለች። ጃሌቢውን የገዛችው እዚሁ ሰፈር ካለው ጣፋጭ ቤት አይደለም። ከወንዙ ማዶ ድረስ ሄዳ፣ በንጹሕ ቅቤ ከሚጠብሱት ዘንድ፣ ኪሎውን በስድስት መቶ አርባ ሩፒ ነው የገዛችው። ወንድ ሲወለድ ፔዳ የሚባለው የወተት ጣፋጭ፣ ሴት ስትወለድ ጃሌቢ ይታደላል፤ ለሴቷ ሲሆን ጊዜ ርካሽ ገዛች እንዳይሏት ብላ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የሄደችው። የአበባው ሻጭ ደግሞ ዛሬ ሠርግ ስለበዛ ብሎ የአንድ ክንዱን ጉንጉን መቶ ሃምሳ ሩፒ አስከፍሏታል። ይህን ሁሉ አድርጋ፣ ገና ፀሐይ ሳይከር ሦስት ፎቅ በእግሯ ወጥታ፣ የሰማችው የመጀመሪያ ቃል «ቫሱዳ ትቅር» ሆነ። የወንድሟ የሃርሻድ ድምፅ ቀጠለ፤ ሲፈራ እንደሚያደርገው ቀጠን ብሎ። «እማዬ፣ እትዬ ትቀየማለች እኮ።» እናቷ ሽንብራ መልቀሟን እንኳ አላቋረጠችም፤ ሽንብራው ሳህኑ ላይ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል። «አትቀየምም። የለመደችው ነገር ነው» አለች።

ቫሱዳ አንድ ጫማዋን እንዳደረገች ቆመች። የለመደችው ነገር! እዚህ፣ በሕንዷ የፑኔ ከተማ፣ ለልጅ ስም የሚሰጠው አባት አይደለም፣ እናትም አይደለችም፣ ቄሱም አይደለም፤ የአባት እህት ናት። ልጅ በተወለደ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ሴቶቹ ተሰብስበው፣ የአባት እህት ሕፃኑ ላይ ጎንበስ ትልና ስሙን በጆሮው ትነግረዋለች፤ በዙሪያዋ ያሉት ሴቶችም እየሳቁ ጀርባዋን በእጃቸው ይደልቋታል። ለምን እንደሚደልቋት የሚያውቅ የለም፤ የማይደለቅበት የስም ቀን ግን የለም። ቫሱዳ አንድ ወንድም ብቻ ነው ያላት። ወንድሟም ከዘጠኝ ዓመት ጥበቃና ከሁለት ጽንስ መውረድ በኋላ አንዲት ሴት ልጅ አገኘ፤ ሐኪሙም ከዚህ በኋላ እንዳታስቡት ብሏል። እሷ ራሷ አልወለደችም። እንግዲህ ያ የጀርባ ድልቂያ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ነው፤ እሱም ዛሬ። ነገር ግን ባለቤቷ ማዳቭ ከሞተ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ባል የሞተባት ሴት ደግሞ በደስታ ቀን ከፊት አትቆምም የሚባል አሮጌ ሕግ አለ። ጎረቤቱ ግማሹ ረስቶታል፤ ግማሹም እንደረሳ ሆኖ ይኖራል። እናቷ ኢንዱማቲ ግን እንኳን ልትረሳው፣ ሌላው ሲረሳ ራሷ ታስታውሳለች።

ሳል አድርጋ ገባች።  እናቷ አንገቷን ሳታቀና «መጣሽ?» አለቻት፤ ቫሱዳም «መጣሁ» አለች። እንደዚህ ነው የሚነጋገሩት፤ ከማዳቭ ሞት ወዲህ በእናትና በልጅ መካከል የሚመላለሰው ቃል ከዕለት ወደ ዕለት እያጠረ ሄዷል። ሃርሻድ ግን ፊቱ ላይ ያለውን ድንጋጤ በፈገግታ ሸፍኖ ስልኩን ይዞ ወደ እሷ መጣ። ይቅርታ ሊጠይቃት ነው ብላ ለአንድ አፍታ አሰበች። «እትዬ፣ እንኳን መጣሽልኝ! ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት ቢሮ አይደለሽ? አንድ ስም መዝገቡ ላይ እይልኝ፤ የመጨረሻዬ ነው።»

የመጨረሻዬ ሲላት ይህ ዐሥራ ሰባተኛው ነው። ቫሱዳ በክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት የልደት መዝገብ መስኮት ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች፤ ይህንንም የሚያስታውሳት ሰው የሚመጣው ጉዳይ ሲኖረው ነው። ሃርሻድ የባንክ ኮምፒውተር ሠራተኛ በመሆኑ የስሙን ነገር እንደ ቢሮ ሥራ ይዞታል። ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ስሞች በሰንጠረዥ ደርድሮ፣ ብዙ ሰው ያወጣውን በቀይ፣ ትንሽ ሰው ያወጣውን በቢጫ፣ ማንም ያላወጣውን በአረንጓዴ ቀለም ቀብቷል። ስሙ ከሳንስክሪት የወጣ፣ ትርጉሙ ከባድ፣ ደግሞም በሰፈሩ፣ በከተማው፣ ቢቻል በአገሩ ማንም ያልተጠራበት መሆን አለበት። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚባለው እንግዲህ መልአኩ ኢንተርኔት ሳይመጣበት በፊት ነበር። ሚስቱ ሩጁታ ጆሮዋን በመሐረብ ጠቅልላ መኝታ ቤት ተጋድማለች፤ ዐሥራ አንድ ሌሊት እንቅልፍ አላየችም። ስለ ስሙ በጠየቋት ቁጥር የምትመልሰው አንድ ነው፤ «ማክሰኞ በሏት፤ ብቻ ልተኛ።»

«ማን ነው ደግሞ የዛሬው?» አለች ቫሱዳ።

«ቲቲክሻ።»

ጃሌቢውንና አበባውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፤ ትንሽ ኃይለኛ ሆኖባት ሽሮፑ ከወረቀቱ ፈሰሰ። «አይልሃለሁ» አለችውና ያላወለቀችውን ጫማ እንዳደረገች፣ ያወለቀችውን አጥልቃ ወረደች።

በቢሮው መስኮት ፊት ሰልፉ ከአራት ሰዓት በፊት እስከ ደረጃው ደርሶ ነበር። ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ይዞራል እንጂ ነፋስ አይሰጥም፤ የመዝገቡ ወረቀት እንዳይበር የምታስቀምጥበት የብረት ማኅተም ሳይቀር ይሞቃል። የመጀመሪያው ባለጉዳይ ሸሚዙን በሚገባ የተኮሰ ወጣት ነበር። ቅጹን በሁለት እጁ አቀረበና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ምሥጢር እንደሚነግራት ሁሉ፣ «እህቴ፣ በጥንቃቄ ይጻፉልኝ፤ ይህን ስም ከዚህ በፊት ሰምተውት አያውቁም» አላት። ስሙ አድያ ነው። በዚህ ሳምንት ብቻ አራተኛዋ አድያ ናት፤ በዓመቱ ውስጥ ስንት እንደጻፈች ቫሱዳ መቁጠር ከተወች ቆይታለች። ሰው ሁሉ ማንም ያልተጠራበትን ስም ፍለጋ ያው አንድ መጽሐፍ፣ ያው አንድ ገጽ ላይ ይገናኛል። እናቶቻቸው ሱኒታና ማንጋላ ተብለው ሲጠሩ አምስት ሱኒታ በአንድ ግቢ ሲኖሩ ማንም አልሞተም። አሁን ግን ሁለተኛ የተገኘባት ልጅ የተሰረቀች ይመስል አባቱ ፊቱ ይጠቁራል። «ደስ የሚል ስም ነው» አለችው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለሁሉም የምትለው ይህንኑ ነው። ወጣቱ በደስታ ከረሜላ ሰጣት። ከረሜላውን መሳቢያዋ ውስጥ ካሉት ጋር ጨመረችው።

ስልኳ አራት ጊዜ ጮኸ፤ አራቱም ሃርሻድ ነው። በአምስተኛው አነሳችው።

«ሦስት ናቸው» አለችው።

«ሦስት?» ድምፁ ወረደ። «በዚህ ዓመት?»

«በሃያ ዓመት ውስጥ።»

«የት ሰፈር ናቸው?»

«ምነው፣ ልትከሳቸው ነው?»

ከበስተኋላው የወንበር መጎተትና የእናቷ ትእዛዝ ይሰማል። ከዚያ «ሦስት እንኳ ምንም አይደለም፤ በቢጫ ይያዛል» አለ ለራሱ። ቫሱዳ ትርጉሙን ጠየቀችው። እሱም ከስልኩ ላይ ድምፁን አሳምሮ አነበበላት፤ ብርድና ሙቀትን፣ ክብርና ውርደትን፣ ሳያጉረመርሙና ሳይበቀሉ የመቻል ጸጋ፤ በአጭሩ ትዕግሥት ማለት ነው። «ዘጠኝ ዓመት ጠብቀን አይደል ያገኘናት? የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል ይባል የለ! ደስ አይልም እትዬ?»

 መስኮቱ ላይ የቆመችው ሴት ቅጿን ታርገበግባለች። «ለሴት ልጅ ይህን ስም አድርጎ መስጠት አያስፈልግም» አለችው ቫሱዳ። «ሳይሰጧትም ይመጣላታል። ደግሞ በጆሮዋ የሚነግራት ማን ነው?»

በስልኩ ውስጥ ወንበር መጎተቱ እንኳ ቆመ። ቫሱዳ ጠበቀችው። ልጅ ሆኖ ብርጭቆ ሲሰብር ጥፋቱን እሷ ላይ ጥሎ በር ጀርባ ሲደበቅ የነበረበት ዝምታ ነው፤ አሁንም ያው በር ጀርባ ነው ያለው። «እሱን… እሱን እንኳ እማዬ ናት የምታውቀው» አለ። «አንቺ ግን ቪዲዮውን ትቀርጪልኛለሽ። ከሁላችንም እጅሽ የማይንቀጠቀጠው አንቺ ነሽ።» ስልኩን ዘጋችበት። ከዚያ የሴትዮዋን ቅጽ ተቀብላ የልጇን ስም አየች። አድያ ነው።

በስድስት ሰዓት መዝገቡን ዘግታ ስትወጣ ወደ ቤቷ ልትሄድ ወስና ነበር። ባጃጅ አስቁማ፣ ተቀምጣ፣ የቤቷን አቅጣጫ ከተናገረች በኋላ ግን ነገሩን ስታሰላስለው ነደደች። ብትቀር «ተቀየመች፤ በልጁ ደስታ ቀናች» ይባላል፤ ብትሄድ ደግሞ «አልተቀየመችም፤ ለምዳዋለች» ይባላል። በሁለቱም መንገድ ሌላ ሰው ልክ ነው። ሁለት መብራት ካለፉ በኋላ ሾፌሩን አስመለሰችው። መንገድ ስለቀያየሩ ሠላሳ ሩፒ ጨምሪ ሲላት፣ በሌላ ቀን ቢሆን ባጃጁ ውስጥ ተቀምጣ እስኪመሽ የምትከራከረው ሴት፣ አንድ ቃል ሳትናገር ሰጠችው። ሰውየው ያመማት መስሎት በመስታወቱ አያት።

ከወንድሟ ቤት ደጃፍ ጫማው ተከምሮ እስከ ጎረቤት በር ደርሷል። ሁለቱ ክፍሎች ሃያ አምስት በሚሆኑ ሴቶች፣ በሳሪ መንሿሿትና በብርጭቆ አምባር ድምፅ ሞልተዋል። የሕፃኗ አልጋ ከጣሪያው በአራት ገመድ ተንጠልጥሎ የቫሱዳን አበባ ለብሷል። በግድግዳው ላይ ሃርሻድ ከወረቀት ቆርጦ የለጠፋቸው ትልልቅ ፊደላት በነጭ ጨርቅ ተሸፍነዋል፤ ስሙ በጆሮ ከተነገረ በኋላ ጨርቁን ሊገልጠው ነው። ከቤተሰቡ በቀር ስሙን ማንም እንዳይሰማ ሲጠነቀቅ፣ ለራሷ ለሩጁታም የነገራት ዛሬ ቀትር ላይ ነው። እናቷ ኢንዱማቲ፣ እሷም ባሏ የሞተባት፣ የባልቴት ነጭ ሳሪዋን ለብሳ በወጥ ቤቱና በመኝታ ቤቱ መካከል፣ ዓይን በማያርፍበት ጥግ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ትእዛዙ ሁሉ የሚወጣው ከዚያ ጥግ ነው። ቫሱዳን ስታይ ዓይኗን ወደ ሽንብራው ድስት መለሰች።

ማንጁሻ ከናሲክ አውቶቡስ የወረደችው ሥርዓቱ ሊጀመር ሩብ ሰዓት ሲቀረው ነው። የአጎታቸው ልጅ ናት፤ ባሏ በሕይወት አለ፣ ሁለት ወንድ ልጆች አሏት፣ ግንባሯ ላይ ቀዩ ነጥብ፣ እጇ ላይ እስከ ክንዷ የሚደርስ አረንጓዴ አምባር። ማንም ቅር የማይሰኝባት ሴት ናት፤ ቫሱዳም ልትጠላት ፈልጋ አልቻለችም፣ ይህም ራሱ አናደዳት። ማንጁሻ ላቧን በሳሪዋ ጫፍ እየጠረገች ወጥ ቤት ድረስ ተከትላት ገባችና ክንዷን ያዘቻት።

«እትዬ ቫሱዳ፣ ሙች ብዬሻለሁ እኔ አይደለሁም። አንቺ እያለሽ እኔን ምን አግብቶኝ! እናትሽ በስልክ ስታለቅስብኝ ነው እሺ ያልኩት።»

«አለቀሰች?»

«እንዴት አድርጋ! አሁን እሱን ተይውና፣ ስሙን ማን ነው ያሉኝ? ቲክቲ ምን?»

«ቲቲክሻ።»

«ቲክሻቲ።»

«ቲ-ቲክ-ሻ።»

«ኧረ በፈጠረሽ፣ ይሄ ስም ነው ወይስ የመድኃኒት ትእዛዝ? ምነው ሰው የሚችለውን ቢያወጡላት!»

ቫሱዳ የራሷን ቦታ የወሰደችባትን ሴት፣ የራሷን ቃል ታስጠናት ጀመር። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። በሦስተኛው ማንጁሻ በትክክል አለችው፤ ወዲያው ደግሞ ውሃ ጠጥታ ረሳችው። በመጨረሻ ቫሱዳ ቦርሳዋን ከፍታ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ስም የጻፈችበትን ዓይነት ሰማያዊ እስክሪብቶ አወጣችና ማንጁሻ መዳፍ ላይ በትልልቁ ጻፈችላት። ጽሑፏ ቆንጆ ነው፤ ሁሉም ይላል። ስትጽፍ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው ባለመኖሩ ምክንያት አጥታ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ሥርዓቱ ተጀመረ። በመጀመሪያ ሕፃን መስሎ ኮፍያና ሸሚዝ የለበሰውን የወፍጮ መጅ ሴቶቹ በአልጋው ሥር ከአንዷ እጅ ወደ ሌላዋ እያቀባበሉ «ይሄን ውሰጂ፣ ያንን አምጪ» ይባባላሉ፤ ድንጋዩ ከባድ ስለሆነ አንዷ ልትጥለው ስትል ሌላዋ ትጮኻለች፣ ሁሉም ይስቃል። ከዚያ ቀዩና ቢጫው ዱቄት በትሪ ዞረ። እያንዳንዷ ባለ ትዳር ሴት ለቀጣይዋ ግንባሯ ላይ ትቀባላታለች። ትሪው ቫሱዳ ጋ ሲደርስ የያዘችው ጎረቤት ለቅጽበት ፈዘዝ ብላ ፈገግ አለችና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች፤ ክፋት አልነበረባትም፣ ቀረጻ ላይ ስለሆነች ነው ለማለት ያህል ስልኩን እንኳ በአገጯ አመለከተች። ቫሱዳ ስልኩን ከፍ አድርጋ ቀረጸች። ወንድሟ እንዳለው እጇ አልተንቀጠቀጠም። ማንጁሻ ግን በሁለት እጇ ከዱቄቱ ዘግና ለስምንት ሴት ስትቀባ፣ ያ የተጻፈበት መዳፍ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቀይ ሲሆን በስክሪኑ ላይ አየችው።

ሩጁታ እንቅልፍ በሞላው ዓይኗ ሕፃኗን አምጥታ አልጋው ላይ አስተኛቻት። ማንጁሻ ጎንበስ አለች፤ መዳፏን አየች፤ ደነገጠች። ዓይኗ ወደ ግድግዳው ሄደ፤ ጨርቁ አልተገለጠም። ወደ ቫሱዳ አየች፤ በመካከላቸው አምስት ሴቶች አሉ። ከዚያ እንደምንም ብላ ጭንቅላቷን አልጋው ውስጥ አስገባችና ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ሴቶቹ እየጮኹ ጀርባዋን ደለቁት። ድም ድም ድም አለ። ቫሱዳ ያንን ድምፅ በጆሮዋ ብቻ ሳይሆን በራሷ ጀርባ ሰማችው፤ ትከሻዋን እንደ በረደው ሰው አጠበበች። ሃርሻድም ጨርቁን ስቦ ጣለው።

ሁሉም ወደ ግድግዳው አንጋጦ ፊደሎቹን ቆጠረ። «ቲ… ቲቲ… ምን?» አለች አንዷ። ሃርሻድ ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ ሳንስክሪቱ፣ ስለ ብርዱና ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ሦስቱ ሞክሼዎቿም ሳይቀር አስረዳ። ሴቶቹ በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለት ፎቅ ሥር የሚኖሩት አሮጊት ጎረቤት ግን ሽንብራቸውን እያኘኩ አሰቡና «ይሁን፤ ቲቱ እንላታለን» አሉ። ወዲያውም ክፍሉ በሙሉ «ቲቱ! ቲቱዬ!» እያለ ሕፃኗ ላይ ወረደ። ባለፈው ሳምንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ የገባው ቡችላ ቲቱ ይባላል። ሃርሻድ የሁለት መቶ ዐሥራ አራት ስሞች ድካሙ በግማሽ ደቂቃ ሲበተን እያየ ቆመ። በሌላ ቀን ቢሆን ቫሱዳ ታዝንለት ነበር።

ጃሌቢ ሲታደል ማንጁሻ ቫሱዳን ወጥ ቤት አስገብታ በሩን ዘጋች። ፊቷ በዱቄቱ ላይ በላብ ተዥጎርጉሯል።

«እትዬ፣ ጠፋብኝ።»

«አይቻለሁ። እና ምን አልሻት?»

«ምንም! ስሟን አልነገርኳትም። ከአፌ የመጣልኝ ‹ቆይ፣ ኋላ ይነግሩሻል› ብቻ ነው።»

ቫሱዳ መጀመሪያ ልትቆጣ አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሳቅ ሆነ፤ ከጠዋት ጀምሮ የታመቀው ሁሉ ተያይዞ ወጣና ማጠቢያው ላይ ተደግፋ እስኪደክማት ሳቀች። ማንጁሻም ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ «ለማንም እንዳትናገሪ፤ ግን ልጅቷ ስም ሳይነገራት መቼም አታድርም» ብላ ጃሌቢ አንስታ ወጣች። ቫሱዳ ብቻዋን ቀረች። ለሃርሻድ ብትነግረው ሥርዓቱ ይደገማል፤ በድጋሚውም የሚያጎነብሱት ሌላ ባለ ባል ሴት ፈልገው ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ግን እስከ መቼ ነው ዝም?

እንግዶቹ ወደ ሳሎኑ ሲያዘነብሉ አልጋውን መኝታ ቤት አስገብተው እዚያ ካለው ጣሪያ አንጠልጥለውት ነበር። ሩጁታ በመጨረሻ እንቅልፍ ወስዷታል፤ ጀርባዋን ሰጥታ፣ አፏን ከፍታ ታንኮራፋለች። እናቷ ኢንዱማቲ በክፍሉ ሌላኛው ጫፍ፣ ከግድግዳው ተጠግታ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ከአልጋው ላይ የታሰረ ረጅም ገመድ ይዛ በዝግታ ትስባለች። አልጋው ይሄዳል፣ ይመጣል። ከእሷ እስከ ሕፃኗ ሁለት ክንድ ተኩል ይሆናል።

«ማንጁሻ አልነገረቻትም» አለች ቫሱዳ በሹክሹክታ። «ስሙ ጠፋባት።»

እናቷ ገመዱን መሳቧን አላቆመችም። ይሄዳል፣ ይመጣል። ከሳሎኑ «ቲቱ» የሚል ሳቅ ይሰማል። ቫሱዳ ልትወጣ ዞረች፤ ዞራ ግን አልቻለችም።

«ለምዳዋለች አልሽ ጠዋት። ሰምቼሻለሁ። ማን አስለመደኝ? ማዳቭ በሞተ በዐሥራ ሦስተኛው ቀን አምባሬን ከእጄ ያወለቅሽው አንቺ ነሽ። የባሌ ቤተሰቦች እንኳ ገና ምንም አላሉም ነበር። የሰው አፍ ሳይመጣብሽ ቀድመሽ የምትመቺኝ አንቺ ነሽ፤ ሁልጊዜ።»

ይህን ያህል ረጅም ነገር ለእናቷ ከተናገረች ሰባት ዓመት ሆኗታል።  

«ዘጠኝ ዓመት የተጠበቀች ልጅ ናት» አለች ኢንዱማቲ፤ ዓይኗ ከአልጋው ሳይነሳ። «አንድ ነገር ብትሆን በማን ይሳበብ ነበር? በአንቺ ነው። እኔም ብሆን እስካሁን አልታቀፍኳትም።»

ቫሱዳ ይህን አላስተዋለችውም ነበር። ዐሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ሕፃኗን ስታጥባት፣ በቅባት ስታሻት የነበረችው ተቀጥራ የምትመጣው ሴት ነበረች፤ እናቷ ትእዛዝ ስትሰጥ እንጂ ስትነካት አይታ አታውቅም። ገመዱን አየችው። ይህን ያህል ረጅም ገመድ ለምን እንደታሰረ እስካሁን አልጠየቀችም።

«ማን ከለከለሽ?»

«ማንም» አለች እናቷ። ጥቂት ቆይታ ደግሞ፣ ራሷም ገና እንደሰማችው ሁሉ፣ «ማንም አልከለከለኝም» አለች። ገመዱ በእጇ ላይ ቆመ። አልጋውም ቀስ በቀስ ቆመ፤ ሕፃኗ ዓይኗን ከፈተች።

«በሩን ዝጊው» አለች ኢንዱማቲ።

ቫሱዳ ፊቷ ተለዋወጠ። ልትወጣ እጀታውን ጨበጠች።

«ከውስጥ ነው ያልኩሽ።»

ዘጋችው። የሳሎኑ ሳቅ ራቀ። ወደ አልጋው ሄዳ ጎንበስ አለች፤ ሕፃኗ ግንባሯ ላይ ክፉ ዓይን እንዳያያት ክብ የኩል ነጥብ ተደርጎላታል፤ ቅባትና ወተት ትሸታለች። ጆሮዋ ከአንድ ሩፒ ሳንቲም አይበልጥም። ቫሱዳ በዚህ ከተማ ከአርባ ሺህ በላይ ስም በእጇ ጽፋለች፤ በሕፃን ጆሮ የተናገረችው ግን አንድም የለም።  ስሙን ጠዋት ስትሰማው ያናደዳትን ያህል አሁንም አናደዳት፤ ብርዱንም ሙቀቱንም፣ ውርደቱንም። ለዚህች ሚጢጢ ጆሮ!

«ቲቲክሻ» አለቻት። «ስምሽ ነው። ግን አታብዢው።»

ያኔ ጀርባዋ ላይ አንድ ነገር ድም ብሎ አረፈ። እናቷ መቼ እንደተነሳች አልሰማችም። እጇ ቀጭን ነው፤ አመታቷ ግን የቀጭን እጅ አልነበረም። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጠነከረ፣ ሦስተኛው ቫሱዳን አልጋው ላይ ሊጥላት ደረሰ።

«ድገሚላት» አለች ኢንዱማቲ፤ ድምፅዋ ተሰብሮ። «አታብዢው የሚለውን ጭምር።»